ከልጅነት ካንሰር የዳነ ሰው የልብ ክትትል ለምን ያስፈልገዋል?

ልጅዎ በሕፃንነቱ ካንሰር ይዞት ታክሞ ድኗል እንበል። ኬሞው አልቋል፣ ፀጉሩ ተመልሷል፣ ትምህርት ቤት ገብቷል። «ከሐኪም ቤት ተገላገልን» ቢሉ ማንም አይፈርድብዎትም። ነገር ግን ካንሰሩን ካጠፉት ሕክምናዎች አንዳንዶቹ ልብንም ይነካሉ። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም። ከ10፣ ከ20፣ አንዳንዴም ከ30 ዓመት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ቀድሞ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

የትኛው ሕክምና ነው? በዋናነት ዶክሶሩቢሲንና ዳውኖሩቢሲን የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ናቸው። ዶክሶሩቢሲን በደም ሥር የሚሰጥ ቀይ ፈሳሽ ነው። ከተሰጠ በኋላ ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ስለሚያቀላ ወላጅ አይረሳውም። ለደም፣ ለንፍፊት፣ ለአጥንትና ለሌሎችም ካንሰሮች ይታዘዛል። ሁለተኛው ደረት ላይ የተሰጠ የጨረር ሕክምና ነው። ልጅዎ እንዲህ ያለ መድኃኒትም ሆነ የደረት ጨረር ካልወሰደ፣ ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና ብቻ ከዳነ፣ ይህ ስጋት በአብዛኛው አይመለከተውም።

ልብን እንዴት ይጎዳሉ? መድኃኒቱ የሚሠራው የካንሰሩ ሕዋስ እንዳይባዛ ዘረመሉን በመስበር ነው። በዚያው የልብ ጡንቻ ሕዋሳትም ይሞታሉ። ፀጉርና ደም መልሰው ይተካሉ፤ የልብ ጡንቻ ግን እምብዛም አይተካም። አምስት ሰው ይሸከመው የነበረውን ለሦስት ሰው እንደመተው ነው፤ የቀሩት ለዓመታት ይችሉታል፣ ከዚያ መዛል ይጀምራሉ። ልጁ ሲያድግ፣ የደም ግፊት ሲመጣ ወይም ሴቷ ስታረግዝ ሸክሙ ይጨምራል። ጨረር ደግሞ በአብዛኛው ለልብ ደም የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ያጠብባል፣ የልብን በሮች (ቫልቮች) ያደርቃል።

ስጋቱ ምን ያህል ነው? ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 ካንሰር የተገኘባቸውንና የዳኑትን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከወንድምና እህቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት በ2009 ወጥቷል። የዳኑት በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ደግሞ 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ በልብ ድካም አይያዙም። ከ5 ዓመት በታች ሳሉ የታከሙና ሴቶች ልጆች ግን ይበልጥ ይጎዳሉ።

ከሁሉ በላይ የሚወስነው የመድኃኒቱ ድምር መጠን ነው። ይህን ረጋ ብለን እንየው። መጠኑ የሚሰላው በሰውነት የቆዳ ስፋት፣ በካሬ ሜትር ነው። የቆዳ ስፋቱ 0.8 ካሬ ሜትር የሆነ ልጅ በካሬ ሜትር 30 ሚሊግራም ቢታዘዝለት፣ በአንድ ጊዜ 24 ሚሊግራም ይሰጠዋል። ይህን 6 ጊዜ ቢወስድ ድምሩ በካሬ ሜትር 180 ሚሊግራም ይሆናል። ሐኪሙ የሚፈልገው ይህን 180 ነው። ድምሩ 250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍተኛ ይባላል፤ ከ100 እስከ 250 መካከለኛ፣ ከ100 በታች ዝቅተኛ። መድኃኒቱ ከዶክሶሩቢሲን ሌላ ከሆነ ወይም ጨረር ከተጨመረ ሐኪሙ ስሌቱን ያስተካክላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ሰው በየ2 ዓመቱ፣ መካከለኛው በየ5 ዓመቱ ኤኮ የሚባል የልብ ምርመራ እንዲነሣ ይመክራል። ዝቅተኛ ስጋት ያለበት በየጊዜው መነሣት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ምርመራ ሕክምናው ካለቀ ከ2 ዓመት ማለፍ የለበትም።

ኤኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው። መርፌም ጨረርም የለውም፣ አያምም። ደረት ላይ ቅባት ተቀብቶ ልብ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ደም እንደሚገፋ ይለካል። በደኅና ልብ ይህ ከ55 በመቶ በላይ ነው። ሕመም ሳይሰማ ቁጥሩ መውረድ ከጀመረ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ሊታዘዙ ይችላሉ። በአገራችን የቶንሲል ሕመም ያመጣው የልብ በር በሽታ ብዙ ነው፤ ኤኮው እሱንም አብሮ ያሳያል።

ወጪውስ? በመንግሥት ሆስፒታል ከግል ክሊኒክ ይረክሳል፣ ወረፋው ግን ይረዝማል። የጤና መድን ካለዎት ሪፈር ወረቀት ይዘው ምን እንደሚሸፈንልዎ አስቀድመው ይጠይቁ። ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ከምርመራው ይልቅ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ሊከብድ ይችላል፤ ስለዚህ ኤኮውን ከሌላ ቀጠሮ ጋር በአንድ ቀን እንዲያደርጉልዎ ይለምኑ።

በነፃ ማለት ይቻላል የሚገኝም አለ፤ የደም ግፊት መለካት። ከፍ ያለ ግፊት በዚህ መድኃኒት በተነካ ልብ ላይ ጉዳቱን ያባብሰዋል፣ ግፊት ደግሞ ይታከማል። ሲጋራና ጫት ልብን ስለሚያስጨንቁ ልጁ ከጉርምስናው በፊት ይነገረው። ኳስ መጫወትና መሮጥ ለብዙዎቹ ይጠቅማል፤ ከባድ ክብደት ለማንሳት ግን ሐኪም ይጠየቅ። በልጅነቷ የታከመች ሴት ከማርገዟ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኤኮ ትነሣ፤ ለአዋላጇም ትንገር።

ደረጃ ሲወጡ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ የልብ ምት መዛባት፣ በጀርባ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች ናቸው። ልጆች ላይ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ሆኖም ይመጣል። ጨጓራ ነው ተብሎ ከመታለፉ በፊት የካንሰሩን ታሪክ ይናገሩ።

ልጅዎ አሁን በሕክምና ላይ ከሆነ፣ እባክዎ ይህን አንብበው መድኃኒቱን እንዳያስቆሙ። ካንሰሩ ካልታከመ ልጁን ይገድለዋል፤ የልቡን ጉዳይ ግን በክትትል መያዝ ይቻላል።

ሕክምናውን ለጨረሰው ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። ልጁ የታከመበት ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳም ይሁን ሌላ፣ የመድኃኒቶቹን ስም፣ ድምር መጠናቸውን፣ ጨረር ከነበረ የት እንደተሰጠና መጠኑን ጽፎ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪም ይቀየራል፣ ልጁም አድጎ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ወረቀቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው፣ ዋናውን ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ያስቀምጡለት።