ቀለሙ ለምን አሸዋ አሸዋ ይላል?

ሦስት ሳምንት የገጣጠምኩትን የአውሮፕላን ሞዴል ክንፍ አክሪሊክ ቀለም በኤርብረሽ ስረጨው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረብኝ። «ግፊቱ አንሶ ነው» ብዬ ኮምፕረሰሩን ከፍ ባደርገው ጭራሽ ባሰበት!

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግፊት ሲጨምር ጠብታዎቹ ይደቅቃሉ። የጠብታ ዲያሜትር በግማሽ ሲያንስ ደግሞ ተኖ የሚያልቅበት ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ቀለሙ ክንፉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ እየደረቀ እንደ አቧራ ያርፋል።

መፍትሔው? ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቅጥኑት፤ ግፊቱን ወደ 1 ባር ገደማ አውርዱ፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠጉ። በተቃራኒው ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ከተበተነ ወይ ከልክ በላይ ቀጥኗል፣ ወይ በጣም ቀርባችኋል።

ሁሌም መጀመሪያ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሞክሩ። እኔ ክንፉን ፍቄ እንደ አዲስ ነው የቀባሁት።