ጾመኛና የተራበ ሰው፦ «ጥሩ ኑሮ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

  ዛሬ የፖለቲካውን ወሬ ለአንድ ቀን ወደ ጎን እናድርገውና አንድ ጥያቄ እናንሳ። «ኑሮ እንዴት ነው?» ስንባል ሁላችንም «ተመስገን፣ ጥሩ ነው» እንላለን። ጥሩ ስንል ግን በምን ለክተን ነው?

እውነቱን እንነጋገር ካልን የምንለካው በገንዘብ ነው። ስንት ታገኛለህ? ቤት ገዛህ? አገር ቤት ምን ሠራህ? በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። እኛ ገንዘብን ልናንቋሽሽ አልተነሳንም። የተሰደድነውም እኮ እሱን ፍለጋ ነው። «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» የሚለው አባባል በየወሩ መጀመሪያ ኪራይ ለሚከፍል ሰው ቀልድ ነው። ነገር ግን መለኪያው ጎዶሎ ነው። ምን እንደጎደለው በደንብ ያስረዳ አንድ ሰው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን።

ሁለት ባዶ ሆዶች

የሴን አንድ ምሳሌ ለእኛ ተብሎ የተነገረ ነው የሚመስለው። ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም እንበል። አንደኛው ጾመኛ ነው፤ ሁለተኛው የሚበላው አጥቶ ነው። ሐኪም ቢመረምራቸው የሁለቱም ሆድ ባዶ ነው። ግን ኑሯቸው አንድ ነው? ዐቢይ ጾምና ረመዳን እያየን ላደግን ሰዎች ይሄን የሚያስረዳን አያስፈልገንም። ጾመኛው ምግቡ ቤቱ አለ፤ እያለው ነው የተወው። የተራበው ግን የሚተወው ነገር እንኳን የለውም።

እንግዲህ የሴን ሐሳብ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሰው ኑሮ የሚለካው በእጁ ባለው ነገር ብቻ አይደለም፤ ምን ማድረግና ምን መሆን ይችላል በሚለው ነው። እኛ በቀላሉ «መቻል» ብንለው ያስኬዳል።

በታክሲ ቋንቋ እንናገረው። በር ላይ የቆመ መኪና አለህ። መንጃ ፈቃድህ ከታገደ ወይም የኢንሹራንስ መክፈያ ካጣህ ግን ያ መኪና ብረት ነው። መኪና መኖሩና መሄድ መቻል ሁለት ነገር ነው። ደሞዝም እንዲሁ ነው። እኩል ደሞዝ ካላቸው ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ኩላሊቱን ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት የሚሄድ ከሆነ፣ በወረቀት እኩል ናቸው፤ በኑሮ ግን አይገናኙም።

የወሎው ረሃብ

ሴን ይሄን ያገኘው መጽሐፍ በማገላበጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋል ውስጥ ረሃብ ሲገባ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የእኛው አገር አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የወሎ ረሃብ።

ሴን ያሳየው ምንድን ነው? ወሎ ውስጥ ምርቱ ጠፍቷል። በአገር ደረጃ ግን ያለቀ እህል አልነበረም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም አልራቀም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደነበር ጽፏል። ታዲያ ሕዝቡ ለምን አለቀ? ገበሬው ሰብሉ ወደመበት፣ ከብቱ ሞተበት፣ ሸጦ የሚገዛበት ነገር አልቀረውም። እህሉ አለ፣ መግዛት መቻል የለም።

ይሄን ታሪክ ያነሳነው ለምን መሰላችሁ? ያው አስተሳሰብ የእኛንም ኑሮ ስለሚያስረዳ ነው። አሜሪካ ሐኪም ሞልቷል፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሹፌር ግን ጥርሱን እያመመው ይነዳል። ኮሌጅ በየሰፈሩ አለ፤ በሳምንት 70 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግን መቼ ይማራል? ልጆች አሉን፤ የምናያቸው ግን ተኝተው ነው። ሁሉም ነገር አጠገባችን አለ። ጥያቄው እጃችን ይደርሳል ወይ ነው።

አንድ ዓይነት ሥራ፣ ሁለት ዓይነት ኑሮ

ስቶክሆልም ቤት የምታጸዳ እህታችንና ዓረብ አገር ቤት የምታጸዳ እህታችንን ጎን ለጎን እንያቸው። መወልወያው አንድ ነው፣ ድካሙም አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ግን ሰዓቷ ሲደርስ ቤቷ ትገባለች፤ አሠሪዋ ካልተስማማት ሌላ ትፈልጋለች። ሁለተኛዋ በካፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ካመጣት አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ትታ ከወጣች «ጠፋች» ትባላለች፤ በፖሊስ ትፈለጋለች።

ዓለም ይሄን አያውቅም እንዳንል፣ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አውጥቷል። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይገባቸዋል፣ ፓስፖርታቸውንም ራሳቸው መያዝ መብታቸው ነው ይላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን አላጸደቁትም። ቀጣር እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ይችላል ብላ ሕጓን አሻሽላለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ስልኳ ተወስዶ በር ለተቆለፈባት ልጅ የሕጉ ወሬም አይደርሳት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እህታችን በየወሩ ገንዘብ ከላከች ቤተሰብ «ልጅቷ ጥሩ ላይ ናት» ይላል። የሐዋላው ደረሰኝ እኮ የሚናገረው ብሩን ብቻ ነው። ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ አይናገርም። ያቺን ልጅ ጾመኛ አድርገን እየቆጠርናት ተርባ ሊሆን ይችላል።

የሸሚዙ ዋጋ

ሴን ከአዳም ስሚዝ የወሰደው አንድ ሌላ ምሳሌ አለ። ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ስለ በፍታ ሸሚዝ ይናገራል። ሸሚዙ ለመኖር የግድ አይደለም፤ የጥንት ሰዎች ያለሱ ደህና ኖረዋል። በስሚዝ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለ በፍታ ሸሚዝ ሰው ፊት ለመቅረብ ያፍር ነበር። ስለዚህ ያለ ሃፍረት ሰው ፊት መቅረብ መቻል ራሱ የጥሩ ኑሮ አንድ ክፍል ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ ማኅበረሰቡ ነው።

የእኛ የበፍታ ሸሚዝ ምንድን ነው? ሁለቱ ሻንጣ ነው! ለአክስት ልጅ ስልክ፣ ለጎረቤት ሽቶ፣ ለሰርጉ፣ ለተዝካሩ። ዓመታት ያለፉት አገሩን ሳያይ የቀረ ሰው ሁሉ ቲኬት አጥቶ አይደለም። «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» ብሎ ነው። እናት ደግሞ የምትፈልገው ልጇን እንጂ ሻንጣውን አይደለም፤ ግን ሳታየው ታልፋለች። የቪዛ ሕግ በእኛ እጅ አይደለም፣ የኪራይ ዋጋም በእኛ እጅ አይደለም። የዚህን ሸሚዝ ዋጋ የሰቀልነው ግን እኛው ነን። ስለዚህ ማውረድም እንችላለን።

መልካሙንም እንናገር። ለብቻ የማይቻለውን አብረን ስንሆን የቻልንበት ነገር አለን፤ እድር። አንድ ሰው በድንገት ሲሞት አስከሬን አገር ቤት መላክ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ዕዳ ነው፤ እድር ባለበት ከተማ ግን መዋጮው አለ፣ አጽናኙም አለ። ይሄ ብር ብቻ አይደለም፣ መቻል ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ ኑሯችንን ስንለካ እነዚህን እንጨምር። ሥራዬን ነገ ብተው ምን ይደርስብኛል? ብታመም ሐኪም ጋ መሄድ እችላለሁ? ሦስት ቀን ብጠፋ የሚፈልገኝ ሰው አለ? እምቢ ማለት የምችለውስ ነገር ምንድን ነው? መልሱ የሚከፋ ከሆነ፣ ተጨማሪ ፈረቃ መፍትሔው ላይሆን ይችላል።

ዓረብ አገር እህት፣ ልጅ ወይም ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ቀጥሎ ስትደውሉ «ብሩ ደርሷል» ብላችሁ አትዝጉት። ፓስፖርትሽ በማን እጅ ነው? የእረፍት ቀን አለሽ? ስልክሽን ይወስዱብሻል? መውጣት ብትፈልጊ ትችያለሽ? ብላችሁ ጠይቁ። ሰው አጠገቧ ካለና በግልጽ መናገር ካልቻለች፣ በአዎና በአይደለም እንድትመልስ አድርጋችሁ ጠይቋት። የኤምባሲውን ስልክ ቁጥርም በቃሏ እንድትይዘው አድርጉ።

ያላችሁን ሐሳብና ልምድ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናነሳዋለን።