ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም

ባለፈው ዓመት አንድ የ46 ዓመት ጎልማሳ እያነከሱ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ለ21 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተመዝግበዋል፤ ውድድሩ ስምንት ሳምንት ቀርቶታል። የቀኝ እግራቸው የተረከዝ ጅማት ግን ማመም ከጀመረ ስድስት ወር አልፎታል። ሲያርፉ ይተዋቸዋል፤ ሩጫ ሲጀምሩ ይመለሳል። «ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ አረፍኩ፤ ሦስት ጊዜ አገረሸብኝ። ከእንግዲህ ማረፍ ሰልችቶኛል። ውድድሩን የሚያሻግረኝ አንድ መርፌ ይዘዙልኝ» አሉኝ።

መርፌውን አላዘዝኩላቸውም። ምክንያቱን ለአንባቢያን ማካፈል የፈለግኩት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለጤናው የሚሮጠው ሰው በርክቷል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላም ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከአስፋልት ወጥቶ በባሕር ዛፍ መካከል ዳገቱንና ቁልቁለቱን መሮጥ ለምዷል። ይህ ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለአእምሮ ጤና ትልቅ በረከት ነው። ችግሩ የሚመጣው ያልዳነ ጉዳት ይዘን ተራራ ስንወጣ ነው።

ጉዳቱ ለምን ያገረሻል?

ልብና ሳንባ ልምምድን ቶሎ ይለምዳሉ። ጥቂት ሳምንት በትጋት የሮጠ ሰው ትንፋሹ እየረዘመ፣ ልቡ እየረጋ መሄዱን ራሱ ያውቀዋል። ጅማትና አጥንት ግን ዘገምተኞች ናቸው። ጅማት የሚደርሰው ደም ከጡንቻ ያነሰ ስለሆነ ለመጠገንም ለመጠንከርም ወራት ይፈልጋል። እንግዲህ ትንፋሽዎ «ጨምር» ሲልዎት ጅማትዎ «ቆይ» እያለ ነው። አብዛኛው የሩጫ ጉዳት የሚፈጠረው በዚህ ልዩነት መካከል ነው።

ሕመም ደግሞ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ሳይድን ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ያረፈ ጅማት አያምም፤ ምክንያቱም አልተጫነም። ነገር ግን በእረፍቱ አልጠነከረም፤ እንዲያውም ደክሟል። ሰውየው «ተሽሎኛል» ብሎ የድሮውን ርቀት በድሮው ፍጥነት ሲጀምር የደከመው ጅማት የድሮውን ሸክም መቻል ያቅተዋል። ታካሚዬ ሦስት ጊዜ ያገረሸባቸው በዚህ መንገድ ነው።

ተራራው በምን ይለያል?

ዳገት ሲወጡ የእግርዎ ፊት ክፍል ከፍ ባለ መሬት ላይ ስለሚያርፍ ባትና የተረከዝ ጅማት ከወትሮው በላይ ይለጠጣሉ። ይህ ጅማት በሜዳ ሩጫ እንኳ ከሰውነት ክብደት ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ጭነት ሊሸከም ይችላል። ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ሸክሙ ወደ ጭን የፊት ጡንቻና ወደ ጉልበት ይዞራል። ጡንቻው እየተለጠጠ ሰውነትን ስለሚገታ ቁልቁለት ባልለመደ ሰው ላይ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ እስኪያቅት ድረስ ያማል። ድንጋዩና የዛፉ ሥር ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ይፈታተናሉ፤ ወለምታ የሚበዛውም እዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። የተረከዝ ጅማት ወይም የውስጥ እግር ሕመም ያለበት ሰው በመጨረሻ ሊመለስበት የሚገባው ዳገት ነው። የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ግን በመጨረሻ ሊመለስበት የሚገባው ቁልቁለት ነው። «ተራራ መሮጥ እችላለሁ ወይ?» ከማለት በፊት «የእኔ ጉዳት የቱን ይጠላል?» ብለው ይጠይቁ።

እረፍት ብቻ መድኃኒት አይሆንም

ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ራሱ ሯጭ ነበር፤ የተረከዝ ጅማቱም ይታመም ነበር። ቀዶ ሕክምና ፈልጎ አለቃውን ሲጠይቅ ተከለከለ። እንግዲያው ጅማቱን ሆን ብዬ አባብሼ ቀዶ ሕክምናውን ግድ አደርገዋለሁ በማለት በየቀኑ በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዙን በክብደት ቁልቁል መጫን ጀመረ። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕመሙ ለቀቀው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ እንቅስቃሴ ለ12 ሳምንታት የሠሩት 15 ለጤናቸው የሚሮጡ ሰዎች በሙሉ ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው በዚህ እንደማይድን ቢያሳዩም መሠረተ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ጅማት የሚድነው ቀስ በቀስ በሚጨመር ሸክም ነው።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው። የደረጃ ጠርዝ ላይ በእግርዎ ፊት ክፍል ይቁሙ፤ ግድግዳ ይያዙ። በደህናው እግር ተግዘው ወደ ላይ ይነሱ። ከዚያ ክብደትዎን በታመመው እግር ላይ ጥለው ተረከዝዎ ከደረጃው በታች እስኪወርድ ቀስ ብለው ይውረዱ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ ይሥሩ፤ በመጀመሪያ ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው፣ ቀጥሎ ትንሽ አጠፍ አድርገው። ሲቀልልዎት በጀርባ ቦርሳ ሁለት ኪሎ፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ስኳር ወይም ሩዝ ይያዙ። ሕመምዎ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከሆነ ግን ተረከዝዎን ከደረጃ በታች አያውርዱ፤ በሜዳ ወለል ላይ ብቻ ይሥሩት።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዝቅ ካለ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን እግር እስከ ሦስት እየቆጠረ ወደ መሬት ዝቅ ያድርግ። ይህ ጭንን ለቁልቁለት ያዘጋጃል። ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ የሚዞርበት ሰው ጥርሱን ሲቦርሽ በአንድ እግሩ ይቁም፤ አንድ ደቂቃ ሲችል ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ነገር ለመያዝ በሚችልበት ቦታ ይሞክር።

የሕመም ልኬት

«ጨርሶ ሳያመኝ ብቻ ነው ልምምድ የምሠራው?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ለጅማት ሕመም መልሱ አይደለም ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ይለኩት፤ ዜሮ ሕመም የለም ማለት ነው፣ አስር የማይቻል ሕመም። እስከ ሦስት ድረስ ይቀጥሉ። አራትና አምስት ከሆነ ፍጥነቱን ወይም ዳገቱን ይቀንሱ። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ የዕለቱን ሩጫ ያቁሙና በእግርዎ ይመለሱ።

እውነተኛው ፈታኝ ግን ማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዎቹን አስር እርምጃዎች ሲራመዱ ሕመሙ ከትናንት ጠዋቱ ከባሰ ትናንት የሠሩት በዝቷል፤ ዛሬ አይሮጡም። እንደ ትናንቱ ከሆነ ወይም ከቀነሰ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት። ይህን በየቀኑ በትንሽ ደብተር ቢጽፉት ለሐኪምዎም ለራስዎም ይጠቅማል።

ወደ ተራራው አመላለስ

ቢያንስ 12 ሳምንት ያስቡ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 30 ደቂቃ ፈጣን የእግር ጉዞ ያለ ችግር ሲሄዱ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ እያፈራረቁ ይጀምሩ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት በሜዳማ የአፈር መንገድ ወይም በሣር ላይ ሶምሶማውን እያስረዘሙ 30 ደቂቃ ያድርሱት። ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ጉዳትዎ የማይጠላውን አንዱን፣ ዳገቱን ወይም ቁልቁለቱን ይጨምሩ፤ ሌላውን በእርምጃ ይለፉት። ጉዳትዎ የሚጠላውን በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጥቂቱ ይሞክሩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ሮጠው በማግስቱ አይሩጡ። ርቀት፣ ፍጥነትና ተዳፋት አንድ ላይ አይጨምሩ፤ በአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ። እንጦጦ ላይ ከፍታው ከ3ሺ ሜትር ስለሚያልፍ ፍጥነትዎን በሰዓት ሳይሆን በትንፋሽዎ ይለኩ። ከጓደኛዎ ጋር እያወሩ መሮጥ ካቃተዎት በዝቷል። ቁልቁለት ላይ እርምጃዎን አሳጥረው ያፍጥኑት፤ ረጅም እርምጃ ጉልበትን ይቀጠቅጣል። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ መራመድ ነውር አይደለም፤ በዓለም የታወቁ የተራራ ሯጮችም ይራመዳሉ። በማይሮጡበት ቀን ብስክሌት ወይም ዋና ትንፋሽዎን ይጠብቅልዎታል። ሶሉ ያለቀ ልባሽ ጫማም ሆነ በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረግ አዲስ ጫማ ሁለቱም አይመከሩም።

ከሩጫ በፊት የሚዋጥ ክኒን

ብዙ ሯጭ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ ይሮጣል። እኔ ራሴ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ የቅልጥም ሕመሜን በክኒን እያስታገስኩ ሮጬ አምስት ወር ከሩጫ ውጭ ሆኛለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ክኒኑ ጉዳቱን አያድንም፤ የሚያስጠነቅቅዎትን ድምፅ ነው ዝም የሚያሰኘው። ከዚያም በላይ ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የጨጓራ ሕመም ያለበትን ሰው እስከ መድማት ሊያደርስ ይችላል።

ታካሚዬ የጠየቁኝ የስቴሮይድ መርፌም እንዲሁ ነው። ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፤ በተረከዝ ጅማት ውስጥ ሲወጋ ግን ጅማቱን አድክሞ ሊያስበጥሰው ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። ለተቅማጥና ለታይፎይድ የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የጅማት መቆጣትና መበጠስ አደጋን ይጨምራል። የጅማት ሕመም ካለብዎት ይህ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝተው አይውሰዱ።

ወጌሻን በተመለከተ፣ አጥንት ላይ ያለ ሕመምን ወይም ያበጠ ቁርጭምጭሚትን በኃይል ማሸት ስንጥቁን ሊያሰፋው፣ እብጠቱን ሊያብሰው ይችላል። መጀመሪያ ይመርመሩ።

ምግብ

ጅማትና አጥንት የሚጠገኑት ከሚበሉት ነው። በጾም ወራት ልምምድዎን ካልቀነሱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝና ተልባ ከማዕድዎ አይጥፉ፤ ጤፍ ብረትና ካልሲየም አለው። ከሩጫ በኋላ ለረጅም ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ ሩጫውን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ያስጠጉ። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረ ሯጭ ሴት (እርግዝና ካልሆነ) ሰውነቷ የሚበቃውን ምግብ እያገኘ ላይሆን ይችላል፤ አጥንቷ ለስንጥቅ ይጋለጣልና ሐኪም ታማክር።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም የሚያዩት መቼ ነው?

- በአጥንት ላይ በአንድ ጣት ጫፍ ሊያመለክቱት የሚችሉት ሕመም፣ በተለይ ሌሊትና በእረፍት ጊዜ የሚያም ከሆነ። ይህ በድካም ብዛት የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብለው እንኳ ሕመሙ ከቀጠለ ይመለሱ።
- ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ተሰምቶዎት በጣት መቆም ካቃተዎት። ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።
- አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ የትንፋሽ ማጠር ካለበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።
- ከወለምታ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ።
- ጉልበትዎ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳዎት።

አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የተረከዝ ጅማቱ እያመመው በ10ሺ ሜትር ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ አግኝቷል። ሁላችንም የምናስታውሰው ያንን ድል ነው። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ማድረጉንና ወደ ትልቅ ውድድር የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት ክረምት፣ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እዚያም ያገኘው ነሐስ ነበር። እኛ ለጤናችን የምንሮጥ ሰዎች ከእርሱ ልንወስድ የሚገባን የሲድኒውን ጀግንነት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የነበረውን ትዕግሥት ነው።

ታካሚዬ በመጨረሻ ያንን ውድድር ተዉት። በጣም ተከፍተው እንደወጡ አልክድም። በ12ኛው ሳምንት ለክትትል ሲመጡ ግን ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ማነከስ ቀርቶላቸዋል፤ በሜዳ 40 ደቂቃ ይሮጣሉ፤ ዳገቱን አሁንም በእርምጃ ነው የሚወጡት። «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ጅማቴ ሲፈቅድ» አሉኝ። ተራራው የትም አይሄድም፤ እግርዎን ግን አንድ ጊዜ ነው የተሰጡት።

መልካም ጤና!