ጠበቃ ሲያጠፋ ባለጉዳዩ ወዴት ይሂድ?



ንግግሬን በአንድ ምናባዊ ምሳሌ ልጀምር። በአዳማ ገበያ እህል የምትነግድ አንዲት እናት በገንዘብ ክርክር ተሸነፈች እንበል። ይግባኝ እንዲልላት ለጠበቃዋ ከፍላለች፤ እርሱ ግን የይግባኙን ጊዜ አሳለፈባት።

በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 323 የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ 60 ቀን ነው። ቁጥር 326 በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈም በኋላ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስችላል። ሆኖም መዘግየቱ የመጣው በወኪሉ፣ በጠበቃው ወይም በጠበቃው ጸሐፊ ጉድለት ከሆነ ፈቃዱ አይሰጥም። ሕጉ የጠበቃውን ጥፋት በደንበኛው ላይ ይቆጥራል ማለት ነው። ዓላማው ክርክር ማብቂያ እንዲኖረው ቢሆንም፣ ዕዳውን የምትሸከመው ነጋዴዋ ናት። እንግዲህ የይግባኙ በር ከተዘጋባት ሌላ ምን ቀራት?

የቀሯት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ዓላማቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የዲሲፕሊን አቤቱታ ነው። አቤቱታውን ለማን እንደምታቀርብ የሚወስነው የጠበቃው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የክልል ከሆነ የኦሮሚያ የፍትሕ አካል፣ የፌዴራል ከሆነ ደግሞ የፌዴራሉ ሥርዓት ይመለከተዋል። የፌዴራሉን ሥርዓት ለዓመታት ሲገዛ የቆየው የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 199 ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ተክቶት የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል። የዲሲፕሊን ሥርዓት የሚጠይቀው ግን “ይህ ሰው በሙያው ሊቀጥል ይገባዋልን?” ብሎ ነው። ጠበቃው ቢታገድም የነጋዴዋ ገንዘብ በዚያ ብቻ አይመለስም።

ሁለተኛው የካሳ ክስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል በቅን ልቦናና በትጋት እንዲሠራ፣ ስለ ሥራውም ሒሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ስለዚህ ጠበቃዋን ልትከስ ትችላለች። ነገር ግን ጉዳቷን ማስረዳት ይጠበቅባታል፤ ይግባኙ በጊዜው ቀርቦ ቢሆን ምን ታገኝ እንደነበር ማሳየት ቀላል አይደለም። በጠበቃ የተጎዳች ሴት ጠበቃን ለመክሰስ ሌላ ጠበቃ መፈለጓም አይቀርም።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር ይምታታል። የዲሲፕሊን አቤቱታዋን የተቀበለው መሥሪያ ቤት መልስ ቢነፍጋት ወይም ያለ ምክንያት ቢያጓትትባት ቅሬታዋ በጠበቃው ላይ መሆኑ ቀርቶ በአስተዳደሩ ላይ ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1142 እንደገና የተደራጀው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚመረምረው የአስፈጻሚ አካላትን አስተዳደራዊ በደል ነው። በግል ጠበቃ ላይ አይፈርድም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም ከሥልጣኑ ውጭ ነው።

የሌላ አገር ልምድ ለማነጻጸር ይረዳል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሕግ መሠረት የሕግ አገልግሎት እንባ ጠባቂ ተቋቁሞ በ2010 ሥራ ጀምሯል። ደንበኛው በመጀመሪያ ቅሬታውን ለራሱ ለጠበቃው ያቀርባል። መፍትሔ ካጣ ተቋሙ ያለ ክፍያ ይመረምርለታል፤ ጠበቃው ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ክፍያ እንዲመልስ ወይም ካሳ እንዲከፍል ሊያዝዝም ይችላል። የሥነ ምግባር ጥፋትን ግን የሚቆጣጠሩት ሌሎች አካላት ናቸው። ቅጣትና ካሳ ተለያይተዋል፤ ተራው ሰው የሚያንኳኳው በርም ታውቋል።

የእኛ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሕጎቹ አሉ፤ ባለጉዳዩን ወደ ትክክለኛው በር የሚመራ፣ ከጠበቆችም ከተቆጣጣሪውም ነጻ የሆነ አካል ግን ያስፈልገናል። ከመቂ ወይም ከባቱ ተሳፍሮ አዳማ ለሚመጣ ሰው “ይህ እኛን አይመለከትም” የሚለው መልስ የአንድ ቀን ሥራና የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስከፍለዋል። መልሱ ሲደጋገምበትም አቤት ማለቱን ይተዋል። እንዲህ ያለው አካል ፍርድ የመስጠት ሥልጣን ባይኖረው እንኳ ፈቃዱን ማን እንደሰጠ ቢያጣራ፣ አቤቱታውን ቢጽፍና መልሱን ቢከታተል ብዙ ሸክም ያቀልላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስትቀመጡ እንዲህ ያለች እናት ትመጣባችኋለች። አስቀድማችሁ የምትፈልገውን ጠይቋት፦ ጠበቃው እንዲቀጣ ነው፣ ገንዘቧ እንዲመለስ ነው ወይስ ላቀረበችው አቤቱታ መልስ እንድታገኝ? የምትሄድበት በር የሚታወቀው ከመልሷ ነው።