«ኢንዲካ» የሚባለው የካናቢስ ዓይነት፣ ባህርይውና አመራረቱ

በአገራችን በተለምዶ «ሐሺሽ» እየተባለ የሚጠራው ተክል የዕፅዋት ተመራማሪዎች የሰጡት መጠሪያ ካናቢስ ነው። ሐሺሽ ከሴቴው ተክል አበባ ላይ የሚገኘው ሙጫ ተሰብስቦ፣ ተረግጦና ተጠፍጥፎ የሚሠራው ውጤት እንጂ ተክሉ ራሱ አይደለም። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለሙጫው ሲባል ለዘመናት ተመርጦ የቆየ አንድ የተክሉ ዓይነት ስላለ ነው። በዓለም ገበያ «ኢንዲካ» የሚባለውም ይኸው ነው።

ስሙ ከመነሻው ግራ የሚያጋባ ታሪክ አለው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ በ1753 ተክሉን «ካናቢስ ሳቲቫ» ሲል ሰየመው። ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ላማርክ ደግሞ በ1785 ከሕንድ የመጡ ናሙናዎችን ተመልክቶ «ካናቢስ ኢንዲካ» የሚል ሁለተኛ ስም አወጣ። ላማርክ የገለጸው ተክል ቅጠሎቹ ጠባብ ነበሩ። ዛሬ ኢንዲካ የሚባለው ግን ቅጠለ ሰፊው የአፍጋኒስታን ተክል ሲሆን ስሙ የተላለፈለት በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኢቫንስ ሹልቴስና ባልደረቦቹ በአፍጋኒስታን ያዩትን አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ተክል በዚሁ ስም ከገለጹ በኋላ ነው። የሕንዱ ስም ለአፍጋኒስታኑ ተክል ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ይህ ዓይነት ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሜትር አያልፍም። ቅርንጫፎቹ የተቀራረቡ፣ ቅጠሎቹ ሰፋፊና ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ የአበባ ዘለላዎቹም ጠጣርና ሙጫ የበዛባቸው ናቸው። ካናቢስ የሌሊቱ ርዝመት ሲጨምር የሚያብብ ተክል ሲሆን፣ በምድር ወገብ አካባቢ የሚበቅሉት ዓይነቶች አበባቸው እስኪደርስ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሊጠብቁ ይችላሉ። በሂንዱ ኩሽ ተራሮች ግን በጋው አጭር፣ ውርጩም ቀዳሚ በመሆኑ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ባለው ጊዜ አበባውን የሚያደርሰው ተክል ተመርጦ ቀርቷል። ደረቅ አየር የለመደ ስለሆነም እርጥበት በበዛበት አካባቢ ጠጣሩ ዘለላ ውስጡ ውሃ ይዞ በግራጫ ሻጋታ ይጠቃል። ተራራ ያበጀውን ተክል ቆላማና ዝናባማ ስፍራ መውሰድ ትርፉ ኪሳራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍጋኒስታን ተክሉ በፀደይ ተዘርቶ በመስኖ ያድግና መኸር ሊያልቅ ሲል ይታጨዳል። ገበሬው ያጨደውን አድርቆ ብርድ እስኪጠና ያቆየዋል። ሙጫው በብርድ ሲጠጥር ከተክሉ በቀላሉ ስለሚረግፍ፣ በጨርቅና በወንፊት የሚነፋው በክረምቱ ቅዝቃዜ ወቅት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ በ2010 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ በአገሪቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 145 ኪሎ ግራም ሐሺሽ ሲገኝ በሞሮኮ ግን 40 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑን አመልክቷል። ጥናቱ ካናቢስ ከኦፒየም ያነሰ ጉልበት ስለሚጠይቅ ለገበሬው የሚተርፈው ገቢ ከፍ እንደሚልም ገልጿል። ይሁንና ተክሉ ውሃ የሚፈልገው በበጋ፣ ወንዞች በሚቀንሱበት ጊዜ ነውና ሁሉም ገበሬ ሊያለማው አልቻለም። ምርቱ በአገሪቱ በ1973 በንጉሡ ዘመን፣ ኋላም በ2023 በታሊባን ትዕዛዝ ታግዷል።

የአፍጋኒስታን ዘር በ1970ዎቹ ወደ አሜሪካና ወደ ኔዘርላንድስ ተወስዶ ከሞቃት አገር ዓይነቶች ጋር ተዳቅሏል። በአሁኑ ጊዜ «ወደ ኢንዲካ ያደላ» ተብሎ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉም ድቅል ነው። ስያሜው ግን የተክሉን ማንነት በትክክል አይናገርም። በካናዳ የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2021 ያወጡት ጥናት፣ «ኢንዲካ» እና «ሳቲቫ» የተባሉ ናሙናዎች በዘረ መላቸው ተለይተው እንዳልተገኙ አስረድቷል። ስያሜው በመጠኑ የተያያዘው እንደ ማይርሲን ካሉ ጥቂት ሽታ ሰጪ ውህዶች ጋር ብቻ ነው። ኢንዲካ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሳቲቫ ያነቃል የሚለው የሻጮች አባባልም በዚህ ሚዛን ሲታይ ክብደት የለውም። ተክሉ የሚያሳድረው ተፅዕኖ በዋነኛነት የሚወሰነው በውስጡ ባለው የቲኤችሲ መጠን፣ በተወሰደው ልክና በሰውየው ሁኔታ ነው።

በሕግ ረገድ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው የቁጥጥር ሠንጠረዥ በ27 ለ25 ድምፅ አውጥቶታል። ሆኖም ተክሉ በ1961ዱ ስምምነት አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ በመሆኑ አሁንም ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ይደረግበታል። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል።

የድቅሎቹ መስፋፋት ያስከተለው ጣጣ ጎልቶ የታየው በሰሜን ሞሮኮ የሪፍ ተራሮች ነው። የአካባቢው ነባር ዓይነት «ቤልዲያ» ይባላል፤ ሙጫው አነስተኛ ቢሆንም ድርቅን የሚቋቋምና በአብዛኛው በዝናብ የሚለማ ነው። ከ2000ዎቹ ወዲህ «ኻርዳላ» የተባለው ድቅል ገብቶ የበለጠ ሙጫና የበለጠ ቲኤችሲ ስለሚሰጥ በብዙ ማሳዎች ተክቶታል። ኻርዳላ ግን ያለ መስኖ አይሆንም። ጉድጓድ መቆፈሪያና የውሃ ማጠራቀሚያ የሌለው ደሃ ገበሬ ወደ ኋላ ሲቀር፣ በበጋ ውሃ በሚያጥራቸው መንደሮች የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ያለው ጫና በርትቷል። ነባሩ ዘር በነፋስ በሚመጣ የድቅል ብናኝ መከለሱም ሌላው ችግር ነው፤ ብናኙ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛልና አጥር አይከለክለውም።

ሞሮኮ በ2021 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 13-21 ተክሉ ለሕክምና፣ ለመዋቢያና ለኢንዱስትሪ በአል ሆሴይማ፣ በሸፍሻወንና በታውናት አውራጃዎች በፈቃድ እንዲመረት ፈቅዳለች። በ2023 የተሰበሰበው የመጀመሪያው ሕጋዊ ምርት 294 ቶን ሲሆን ያመረቱት በ32 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የታቀፉ ገበሬዎች ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቤልዲያም በፈቃድ መዘራት ጀምሯል። በነሐሴ 2024 ደግሞ ንጉሥ ሞሐመድ 6ኛ ካለፈቃድ በማምረት ተከሰው ወይም ተፈርዶባቸው ለነበሩ 4 ሺህ 831 ሰዎች ምሕረት አድርገዋል።