«አፉን ዘግይቶ ይፈታል»፦ የኦቲዝም ምርመራ ከአምባራስ እስከ አዲስ አበባ

በክትባት ቀን የሰሜን ጎንደር ጤና ኬላዎች ግቢ በእናቶች ይሞላል። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ክንዱ በባለ ሦስት ቀለሙ መለኪያ ይለካል፣ ይከተባል፣ ካርዱ ይሞላል። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ በ15 ወር ሁለተኛው ዙር ተጨምሯል። ከደባርቅ ወደ ቧሂት ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችው የአምባራስ እናት፣ ልጇ በጣቱ መጠቆምና አንድ ሁለት ቃል ማለት በሚጀምርበት ዕድሜ ከጤና ባለሙያ ጋር የምትገናኝበት ቀን ተቆርጦላታል ማለት ነው። የዚያን ቀን ስለ ክብደቱ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ ጡት አጠባቡ ትጠየቃለች። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር ይል እንደሆነ የመጠየቋ ነገር ግን አጠራጣሪ ነው።

በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም ምርመራ ሲወራ ወሬው የሚጀምረውም የሚያልቀውም በባለሙያ እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው። ቤተልሔም ተኮላና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት የዳሰሳ ጥናት፣ ለኦቲዝም የሚሰጠው አገልግሎት ጥቂትና በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተወሰነ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ምርመራው ራሱ ምን እንደሆነ ሲታይ፣ ትልቁ ክፍሉ የአዲስ አበባ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም።

ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሲቲ ስካንም ሆነ የአንጎል ሞገድ የሚለካው ኢኢጂ አያሳየውም፤ ኢኢጂ የሚታዘዘው ልጁ የሚጥል በሽታ አለው ተብሎ ሲጠረጠር ነው፣ እሱም በኦቲስቲክ ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። በሬ ሸጦ «ጭንቅላቱን አስነሡልኝ» ብሎ የሚመጣ አባት ገንዘቡን የሚያፈሰው ጥያቄውን በማይመልስ ማሽን ላይ ነው። መልሱ የሚገኘው ከሁለት ነገር ነው፦ ወላጅን በደንብ ከመጠየቅና ልጁን ከማየት። አሜሪካዊው የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ልጆችን ገልጾ ኦቲዝምን በሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ በእጁ የነበረው ይኸው ነበር፤ የወላጆች ትረካና የራሱ ዓይን። ከዚያ ወዲህ መጠይቆቹ ተራቅቀዋል፣ ነጥብ አሰጣጡ ተስተካክሏል፤ መሠረቱ ግን አልተቀየረም።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ጆሮ ነው። የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርም፣ የማይሰማ ልጅም ቃል አያወጣም። በተደጋጋሚ ጆሮው መግል የሚያዥ ልጅ የመስማት ችሎታው ሳይታይ የኦቲዝም ጥያቄ ውስጥ ቢገባ ምርመራው ከመነሻው ይበላሻል።

ጆሮው ደህና ከሆነ ጥያቄው ይቀጥላል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው የቅድመ ልየታ መጠይቆች አንዱ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀና 20 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ነው፤ ወላጅ አዎ ወይም አይ ብሎ ይመልሳል። ከሁሉ በላይ ክብደት ካላቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ጣት ነው። በአምባራስ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋውን ይዞ ሜዳው ላይ ሲወርድ አንድ ዓመት ተኩል የሞላው ልጅ ጣቱን ይቀስራል፤ ከዚያ ዞሮ የእናቱን ፊት ያያል፣ «አየሽው?» እንደ ማለት። ዋናው ነገር ያ ዞሮ ማየት ነው። ዳቦ ፈልጎ መጠቆም ሌላ፣ ያየውን ለሰው ለማካፈል መጠቆም ሌላ። ብዙ ኦቲስቲክ ልጆች የመጀመሪያውን ቢያደርጉ እንኳ ሁለተኛው ይዘገይባቸዋል፣ ወይም የእናታቸውን እጅ ይዘው እንደ መሣሪያ ወደሚፈልጉት ነገር ይጎትታሉ። ይህን ለማስተዋል ዲግሪ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው።

መጠይቁ ግን ፍርድ አይሰጥም፤ «ይህ ልጅ ቀረብ ተብሎ ይታይ» ብቻ ነው የሚለው። ቀረብ ብሎ የማየቱ ሥራ ነው ሥልጠና የሚሻው፣ እዚያም የውጭ አገር መሣሪያዎች ችግር ይዘው ይመጣሉ። በመስኩ የታወቀው የምልከታ ፈተና ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ከክፍሎቹ በአንዱ ልጁ ለአሻንጉሊት የልደት በዓል እንዲያከብር፣ ሻማ እንዲያበራ፣ ኬክ እንዲቆርስ ይጋበዛል። ኬክ በሻማ አይቶ የማያውቅ የዳባት ገጠር ልጅ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን ይባላል? ያው ልጅ ዕቃ ዕቃ ሲጫወት ከጠጠር ጀበና ከቅጠል ስኒ ሠርቶ «ቡና ጠጡ» የሚል ከሆነ የማስመሰል ጨዋታ አላጣም፤ ያጣው ሻማውን ነው። ዓይን ለዓይን መተያየትም እንዲሁ ነው። ታላቅ ፊት አንገቱን ደፍቶ እንዲቆም የተማረ ልጅ የእንግዳ ሐኪምን ዓይን ባያይ ጨዋነቱ እንጂ ምልክቱ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው መርማሪ ልጁ ከእናቱ፣ ከወንድሞቹና ከእኩዮቹ ጋር እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል።

እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ዓመታት የሚያልፉት በአብዛኛው በማጽናናት ነው። «አፉን ዘግይቶ ይፈታል፣ አባቱም እንዲያ ነበር» ትላለች አያት። አንዳንዴ ልክ ትሆናለች፣ ለዚህም ነው ቃሏ የሚታመነው። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት ቃል ሳያወጣ ሲቀር ደግሞ ሌላው ማብራሪያ ይመጣል፤ የሰው ዓይን፣ ልክፍት፣ እርግማን። ደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ 40.2 በመቶ የሚሆኑት የልጃቸውን ሁኔታ ከመንፈስ ልክፍት፣ 27.5 በመቶ ከኃጢአት ጋር አያይዘውታል። የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን የጠቀሱም ብዙ ነበሩ፤ ሁለቱን ዓይነት ማብራሪያ አብሮ መያዝ የተለመደ ነው። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ 26.7 በመቶው ደግሞ ለመደበቅ እንደጣሩ ተናግረዋል። ልብ መባል ያለበት፣ እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ ድረስ የመጡ ናቸው። ያልመጡት በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ጠበልን በሕክምና ጠላትነት ማየት ለከተማ ጸሐፊ ቀላል፣ ለቤተሰቡ ግን ትርጉም የለሽ ነው። በደባርቅና በዳባት ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ነው፤ ከዚያም በኋላ መሄዱን አይተውም። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው የሠሩበት ሙከራ እንዳሳየው፣ ሰው በሃይማኖቱና በመድኃኒቱ መካከል እንዲመርጥ ካልተገደደ ሁለቱንም ይይዛል። የንስሐ አባት «እኔ በጠበሉ አጠምቀዋለሁ፣ እናንተ ደግሞ ጆሮውን አስመርምሩት» ቢሉ ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ይሰማሉ።

በአገሪቱ የኦቲዝም ጥያቄ በአደባባይ እንዲነሣ ያደረጉት በመጀመሪያ ሐኪሞች ሳይሆኑ እናቶች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ትምህርት ቤት የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲስቲክ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። አማርኛን በድምፅ አወጣጥ የሚያስተምር «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል ዘዴም ቀርጸዋል፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በየሚዲያው ስለ ኦቲዝም ከመናገር አልተቆጠቡም። በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ተነሳሽነት ተከፈተ። ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው።

ከአምባራስ ሲነሡ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ወደ ደባርቅ መውረድ፤ ከደባርቅ በዳባት አድርጎ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ለሚጮህና ሰው በተጨናነቀበት መቀመጥ ለማይችል ልጅ የአውቶቡሱ ጉዞ ራሱ መከራ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሰሜናዊው ጦርነት ወደ ደባርቅና ዳባት ተፈናቃይ አምጥቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድን በየጊዜው ዘግቷል። «ለሦስት ወር ቀጠሮ ተመለሱ» የሚለው የተለመደ ቃል በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ቤተሰብን ከክትትል ያስወጣል።

ስለዚህ ተስፋ የሚጣልበት ቦታ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎንደር ነው፣ ከጎንደርም ይልቅ ጤና ኬላው። ጎንደር ለዚህ አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዓላማው ሐኪም ለማይደርስበት ገጠር የጤና መኮንኖችን ማፍራት ነበር። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ክፍልና ለዓመታት የቆየ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ መርሃ ግብር አለው፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብ የጥናት ማዕከል አለው። ከዓመት ዓመት ቤቱ የሚመጣን መዝጋቢ የለመደ ሕዝብ፣ ስለ ልጁ ጣትና ስለ ልጁ ጆሮ ሁለት ጥያቄ ቢጨመርበት የሚደነግጥ አይመስልም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ይችሉታል ወይ? በደቡብ ኢትዮጵያ ተሞክሯል። በቪዲዮና በኪስ መመሪያ ስለ ኦቲዝም ተጨማሪ ሥልጠና ያገኙት ሠራተኞች ካልሠለጠኑት ይልቅ አሉታዊ እምነታቸው ቀንሶ፣ ልጆቹን ለመቅረብም ፈቃደኛ ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይኸው ጥናት ግን ያልተጠበቀ ነገርም ይዟል፦ በደንብ የሠለጠኑት፣ ልጆቹ ወደፊት ስለሚደርሱበት ደረጃ የነበራቸው በጎ ግምት ካልሠለጠኑት ዝቅ ያለ ነበር። ምልክት ማወቅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ያደጉና የሚማሩ ኦቲስቲክ ልጆችንም ማሳየት እንደሚያስፈልግ ከዚህ ማየት ይቻላል።

የክትባት ቀን ለዚህ ሥራ ይመቻል ሲባል አንድ አሮጌ ውሸት ደጃፉ ላይ ይቆማል። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የተነሣው እንግሊዛዊው አንድሩ ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት ላይ ካሳተመው ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፣ ጸሐፊውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ወሬው በዲያስፖራው በኩል እየዞረ ይመጣልና ክትባት የምትሰጠው ሠራተኛ መልሱን አስቀድማ ብትይዘው ይበጃል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውም አይቆምም። በሚኒያፖሊስ ከተማ ሶማሌ ወላጆች ልጆቻችን በዝተው ተያዙ ብለው ባነሡት ጥያቄ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት፣ ከሶማሌ ልጆች ከ32 አንዱ፣ ከነጮቹ ከ36 አንዱ ኦቲዝም እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በአሜሪካ ከስምንት ዓመት ልጆች መካከል የተለዩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ150 አንድ፣ በ2022 ደግሞ ከ31 አንድ ሆነዋል። የዚህ ጭማሪ ትልቁ ምክንያት ትርጓሜው መስፋቱና ፈላጊው መብዛቱ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ግን መልስ ይፈልጋል። ወላጅ «ወረቀቱን ይዤ ምን ላደርግ?» ይላል። አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የምርመራ ወረቀቱን ሲይዝ የንግግር ሕክምናና የትምህርት ቤት ድጋፍ በሩ ይከፈትለታል። ደባርቅ ላይ ያው ወረቀት ጥቂት በር ነው የሚከፍተው። ከላይ በተጠቀሰው የ102 አሳዳጊዎች ጥናትም ያልተሟላ ፍላጎት ተብሎ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው፣ በ74.5 በመቶው፣ ትምህርት ነበር፤ የባለሙያ ሕክምና የጠቀሱት 47.1 በመቶ ናቸው።

ለዚህ የሚቀርበው ከሁሉ የተሻለ መልስ ወረቀቱን ሳይጠብቁ መጀመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና የኦቲዝም ማረጋገጫ አይጠይቅም፤ የእድገት መዘግየት የታየበት ልጅ ያለው ቤተሰብ ይገባበታል። የሚያሠለጥኑትም ስፔሻሊስቶች መሆን የለባቸውም። በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። በመጀመሪያው ጉብኝት አሠልጣኟ ልጁ ምን እንደሚወድ ትጠይቃለች፤ ውሃ መቅዳት ከሆነ ጨዋታው በጣሳና በጆግ ይጀመራል፣ እናቱም ጣሳውን ይዛ ልጁ ፊቷን እስኪያይ ወይም እጁን እስኪዘረጋ ትጠብቃለች፤ ከዚያ «ውሃ» ብላ ትቀዳለታለች።