የሟች መታሰቢያ የሆነች አሮጌ ላንድሮቨር

ከሐረር ተነሥቶ የባቢሌን ቆላና የዳካታን ሸለቆ ድንጋዮች አልፎ፣ የካራማራን ተራራ በጠመዝማዛው መንገድ ተሻግሮ ወደ ጅጅጋ ሜዳ የወረደ መንገደኛ፣ የጃፓን መኪኖች በሚርመሰመሱባትና ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿን ባስቀየሱላት በዚያች ከተማ፣ በአንድ ግቢ ጥግ ወይም በአንድ ጋራዥ አጥር ሥር ጎማዎቿ የተነፈሱ አሮጌ የላንድሮቨር ፒክአፕ ቆማ ቢያይ፣ የተጣለች ዕቃ ናት ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል። እንዲህ ያለችው መኪና ብዙውን ጊዜ የቆመችው ሠርታ ስላበቃች ሳይሆን ነጂዋ ስለ ሞተ ነው፤ ቤተሰቡም ለመሸጥ አንጀቱ እምቢ እያለው፣ ለማደስም ከየት እንደሚጀምር ሳያውቅ ዓመታት ያልፉባታል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ቤተሰብ ይጠቅም ዘንድ የመኪናይቱን ጠባይና የአስተዳደሷን ሥርዓት ለማስተዋወቅ የታሰበ ነው።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በሚያዝያ ወር 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ በእርሻው ላይ ይገለገልባት ስለ ነበር፣ ከእርሷ የምትሻል ለገበሬ የምትሆን መኪና ለመሥራት አሰበ፤ በዚያን ጊዜም በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ የአካሏ ልብስ ከአሉሚኒየም ቅይጥ እንዲሆን ግድ ሆነ። በችግር የተመረጠው ይህ ማዕድን ኋላ ለመኪናይቱ ረጅም ዕድሜ ምክንያት ሆናት። በዚያው ዘመን ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ የሚዘረጋው የሐውድ ግጦሽ ገና በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር ነበርና፣ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስም ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት እጅ አልተመለሰምና፣ የእንግሊዝ መኪና በዚህ ምድር መታወቁ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ይህ አገር እንዲያውም የሞተርን ኀይል በመራራ መንገድ ያየ አገር ነው፤ በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው ጄኔራል የግራዚያኒ ሠራዊት በጭነት መኪና ኦጋዴንን አቋርጦ በሚያዝያ መጨረሻ ጅጅጋን የያዘ ጊዜ፣ መኪና ለሕዝቡ የመከራ መልእክተኛ ነበረ። ላንድሮቨር ከነበርሜሏ ለከብትና ለሰው ውሃ ማመላለስ ከጀመረች በኋላ ግን ያው ሞተር የሕይወት አገልጋይ ሆነ።

የመኪናይቱን ዘመን ለማወቅ መብራቶቿን ማየት በቂ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች በመካከል ከወንፊቱ አጠገብ ተቀራርበው የሚገኙ ከሆነ ዕድሜዋ የገፋ ነው፤ ወደ ግራና ቀኝ ፓራፋንጎዎች የተሻገሩ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠራች ናት። ረጅሟ ፒክአፕ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ መካከል 109 ኢንች የሚለካ ቁመና አላት፤ የቤንዚን ሞተሯም 2286 ሲ.ሲ. ነው። መሪዋ በቀኝ በኩል ቢሆን እንኳ ከባሕር ማዶ በስሕተት የመጣች አይደለችም፤ ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በመንገድ ግራ ነበር የምትነዳው።

የሚያድስ ሰው መጀመሪያ የሚመረምረው ቀለሙን ሳይሆን ሻሲውን ነው። ልብሷ አሉሚኒየም ቢሆንም አጥንቷ ብረት ነውና፣ ውጪዋ ያማረ ሆኖ ሻሲዋ በውስጥ የተበላ መኪና ሰውን ታታልላለች፤ በመዶሻ ጫፍ እየቆረቆሩ ድምፁን ማዳመጥና የተቦረቦረውን መለየት ያስፈልጋል። በነጂው እግር ፊት ያለው የብረት ግድግዳም እንደዚሁ ነው፤ በተለይም ብረቱና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት ስፍራ እርጥበት ከገባ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። በስቱኮ መሸፈን ለገዢ የሚደረግ ሽንገላ እንጂ እድሳት አይደለም፤ የባቲላሜራ ባለሙያው የተበላውን ቆርጦ አዲስ ብረት ሊበይድ ይገባዋል። ደግነቱ የጅጅጋ አየር ደረቅ ስለ ሆነ ዝገት እንደ አውሮፓ አይበረታም፤ እዚህ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። መኪናይቱ አየር የምትስበው ዘይት በያዘ ማጣሪያ በኩል ሲሆን፣ ይህ ዘይት ሳይለወጥ ከቆየ ያልተጣራው አቧራ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እየሞረደ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ለዓመታት የቆመችውን ሞተር በማኖቬላ ቀስ ብሎ ሳያዞሩ፣ ታንከሯን ሳያጥቡና ዘይቱን ሳይለውጡ ለማስነሣት መሞከር ትልቅ ጥፋት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው፤ ምኑ ይታደስ፣ ምኑስ እንደ ነበረ ይቀመጥ? በአውሮፓ ያሉ የአሮጌ መኪና ወዳጆች አብዛኞቹ መኪናይቱ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን የነበራትን መልክ ይሻሉ፤ ቡሎኗ ሳይቀር ያንኑ ዓይነት እንዲሆን ይደክማሉ። እኔ ግን ለሟች መታሰቢያ የምትታደስ መኪና ሕግ ሌላ ነው እላለሁ፤ የምትዘክረው ሟቹን እንጂ ፋብሪካውን አይደለምና። አባት ለውሃ በርሜል ማሰሪያ ብሎ ያስበየደው ብረት፣ ለሸክም ብሎ የጨመረው ባሌስትራ፣ ቤንዚን ሲወደድ በቀድሞው ሞተር ፈንታ ያስገባው የጃፓን ናፍጣ ሞተር፣ በእጁ የለቀለቀው ቀለም፣ ይህ ሁሉ የእርሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሊፋቅ አይገባውም። በአንጻሩ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የነዳጅ ቱቦ ያለ አንዳች ርኅራኄ በአዲስ መተካት አለባቸው፤ ትዝታ ነው ተብሎ በተበላ የፍሬን ቱቦ ካራማራን መውረድ ሟቹን ማክበር ሳይሆን ሕያዋንን መግደል ነው። መዳፉ ያለሰለሰው የመሪው ክብ ግን ካልተሰነጠቀ በቀር ይኑር።

ሰነዱም ራሱን የቻለ ሥራ አለው። ሊብሬው በሟች ስም እስካለ ድረስ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው ስም ማዛወር ይገባቸዋል፤ በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻሲና የሞተር ቁጥሮችም በመኪናይቱ ላይ ከታተሙት ጋር ሊስማሙ ግድ ነውና፣ ሻሲው ሲበየድ ቁጥሩ ያለበት ስፍራ እንዳይነካ ባለሙያውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያሻል። ብዙ ድካም ፈሶባት ተጠናቅቃ ቦሎ የምትከለከል መኪና በቤተሰብ ላይ ሁለተኛ ኀዘን ታመጣለች።

ክርስቲያኑ ለሙታኑ ተዝካር ያወጣል፣ ሙት ዓመት ያከብራል፤ ሙስሊሙም ሰደቃ ያወጣል፣ በተለይም ሰጪው ከሞተ በኋላ ጥቅሙ የማይቋረጠውን ምጽዋት ሰደቃቱል ጃሪያ ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። ዝናብ በቀረ ጊዜ ቢርካ የሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ደርቆ ሰው በርሜል ይዞ በሚጠብቅበት በጅጅጋ ዙሪያ ገጠር፣ የሟች መኪና በስሙ ውሃ ብታደርስ ከዚህ የበለጠ መታሰቢያ ምን እንደሚገኝ አላውቅም። ስለዚህ ታድሳ በሸራ ተሸፍና ለእንግዳ መመልከቻ ብቻ እንድትቆም የሚደረገውን ነገር ልቤ አይቀበለውም፤ መኪና ቆሞ ሲውል የዘይት መያዣ ጎማው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይያዛል፣ ነዳጁ ይበላሻል፣ እድሳቱም ከንቱ ይሆናል።

ሞተሯ አዲስ ፋሻ የገባላት ከሆነ በመጀመሪያው ሰሞን ከባድ ጭነት ሳይጫንባት ሜዳ ለሜዳ በቀብሪ በያህ አቅጣጫ ልትለማመድ፣ ዘይቷም ቶሎ ሊለወጥ ይገባል፤ የካራማራ አቀበት ኋላ ይደርሳል። ሦስተኛው ሲሪስ ከሚባለው ሞዴል በፊት በተሠሩት ላንድሮቨሮች አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ካልተረገጠና የሞተሩ ፍጥነት ካልተመጠነ ይጮኻል እንጂ አይገባም፤ ይህንንም ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው እግር ማየት ይቀላልና፣ የሟቹን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ የሚያስተምር አሮጌ ሾፌር በከተማይቱ ሳይታጣ ከወዲሁ መፈለግ ያስፈልጋል።